ትርፍ ጎማው የማን ነው? ከነገሌ ቦረና መንገድ የተነሣ ምላሽ

ጎማው ተንፍሶበት መንገድ ዳር የቆመ፣ ትርፍ ጎማም የሌለው ሾፌር ምን ይፈረድበታል? በመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛውም፣ በመኪና ባለንብረቶች ጨዋታም፣ ከኋላ ወንበር በሚሰማው የተሳፋሪ ማጉረምረምም ፍርዱ አንድ ነው፦ የራሱ ጥፋት ነው። ጎማ ሲተነፍስ ማንም አይከለክለውም፤ ትርፍ ሳይዙ መውጣት ግን ቸልተኝነት ነው ይባላል። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» የሚለውን የረሳ ሰው ቆላ ላይ ፀሐይ ቢመታው ማንን ይወቅሳል?

ይህ አስተያየት ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ ቋጥሯል። አንደኛው፣ ትርፍ ያለው ሾፌርና ትርፍ የሌለው ሾፌር ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው ይላል፤ ጠንቃቃና ዝርክርክ። ሁለተኛው፣ እንግዲያው መድኃኒቱ ቁጥጥርና ቅጣት ነው ይላል። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ በአፍ አይነገርም፤ መንገደኛ ለመንገደኛ የሚያደርገው እርዳታ ዕድልና ደግነት ነው፣ ሥርዓት ተብሎ የሚቆጠር ግን አይደለም የሚል ግምት ነው። እነዚህን ሦስቱን ወደ ነገሌ ቦረናና ከእርሷ ወዲያ ወዳሉት የደቡብ ቆላ ከተሞች መንገድ ይዤ ልውረድ። እዚያ ሲመዘኑ የመጀመሪያውን ስሌት አይደግፈውም፤ ሁለተኛው የችግሩን ሥር ይስታል፤ ሦስተኛው ደግሞ አገሩን አያውቅም።

ነገሌ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መንገዱ ከሐዋሳ በስተደቡብ ከሞያሌው አስፋልት ተገንጥሎ በአዶላና በዋደራ በኩል ከደጋው ጫካ እየወረደ ይደርስባታል። ከነገሌ በኋላ ይበታተናል፤ አንዱ በፊልቱ አድርጎ ወደ ዶሎ ኦዶ፣ አንዱ የዳዋን ወንዝ መልካ ጉባ ላይ ተሻግሮ ወደ ያቤሎ፣ አንዱ ገናሌን አልፎ ወደ ባሌ። ከነገሌ እስከ ፊልቱ ብቻ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መሐል ላይ የቀረ ሰው ጎማውን እያንከባለለ ጎሚስታ ጋ አይደርስም።

የማልከራከርበት

በቅድሚያ የምስማማበትን ላስቀምጥ። ትርፍ ጎማ መያዝ ካለመያዝ ይሻላል። ሰው አሳፍሮ፣ ሕፃን የያዘች እናት አስቀምጦ፣ ክሪክ እንኳ ሳይዝ ወደ ዶሎ የሚነዳ ሾፌር ሊወቀስ ይገባዋል። የመኪና ባለንብረትም እንዲሁ፤ ጎማ የሚገዛው እርሱ ሆኖ ሳለ ወቀሳውን ለቅጥር ሾፌሩ ማሻገሩ የተለመደ ነው።

ሌላም ማንሣት ያለብኝ አለ። ጎማ ሊሠራ የቆመ ሾፌር ከኋላው ድንጋይ ይደረድራል፣ ቅጠል ቆርጦ ይጥላል። ሥራው ሲያልቅ ቁልፉን ሰብስቦ፣ እጁን ጠራርጎ ይሄዳል፤ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። ቀን ማስጠንቀቂያ የነበረው ማታ ወጥመድ ይሆናል። ስለ ሾፌር ጥፋት እናውራ ከተባለ እኔ ከዚህ እጀምራለሁ፤ ወደ ኋላም እመለስበታለሁ።

ስድስት ጎማ፣ አንድ ትርፍ

በዚያ አገር ሰውና ዕቃ ከሚያመላልሱት መኪኖች አንዱን፣ አይሱዙ ኤን.ፒ.አር.ን እንውሰድ። ከፊት ሁለት፣ ከኋላ ጥንድ ጥንድ ሆነው አራት፣ በድምሩ 6 ጎማ መሬት ይረግጣል። ትርፉ አንድ ነው። ማለዳ ከነገሌ ተነሥቶ 40ኛው ኪሎ ሜትር ላይ አንዱ ቢተነፍስበት፣ ሾፌሩ ትርፉን ገጥሞ ይቀጥላል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ግን እስከ ፊልቱ ድረስ ትርፍ የሌለው ሾፌር ነው። ጠዋት ባዶውን ከወጣው ሰው አሁን በምን ይለያል? የተለመደው አስተያየት አንዱን ጠንቃቃ፣ ሌላውን ዝርክርክ ይላቸዋል፤ ጠጠሩና እሾሁ ግን አያበላልጣቸውም። ትርፍ ማጣት የጉዞው አንዱ ምዕራፍ ነው፤ በዚህ መንገድ የሚመላለስ ሁሉ፣ የዛሬው ጠንቃቃ ጭምር፣ ይዋል ይደር እንጂ ይገባበታል።

«ሁለት ጊዜ መተንፈስ እኮ ብርቅ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ጎማ እንደ ሎተሪ ዕጣ ለየብቻው የሚወጣ ቢሆን እውነቱን ነበር። የአንድ መኪና ጎማዎች ግን አንድ ጭነት ተሸክመው፣ አንድ ፀሐይ እየመታቸው፣ በአንድ ጠጠር ላይ የሚሄዱ ወንድማማቾች ናቸው፤ አንዱን የጣለው በሽታ ሌላውንም ይዞታል። የኋላውን ጥንድ ደግሞ ይበልጥ ማየት ያስፈልጋል። ከሁለቱ አንዱ ቀስ ብሎ ሲተነፍስ መኪናው አይዘነብልም፣ ሾፌሩም አይሰማውም፤ ባልንጀራው ጭነቱን ብቻውን ይሸከማል፣ ይግላል፣ በመጨረሻ ይፈነዳል። ሾፌሩ ድምፁን ሰምቶ ሲወርድ የሚያገኘው ሁለት የሞተ ጎማ ነው። በእጁ ያለው ትርፍ አንድ።

ትርፉስ ቢሆን ምን ዓይነት ጎማ ነው? አዲስ ጎማ ሲገባ ከሥራ የወረደው መላጣ ነው አብዛኛውን ጊዜ ከሻንሲው ሥር የሚታሠረው። አቧራና ጭቃ ይለብሳል፤ ንፋሱን ለወራት የሚለካው የለም። ስለዚህ ኬላ ላይ «ትርፍ አለህ?» ተብሎ «አለኝ» የሚል ሾፌር ብዙ ጊዜ የመሰከረው ስለ ጎማው ቅርጽ ነው። ቁጥጥሩ በዚህ ጥያቄና መልስ ከረካ፣ የሚቆጥረው ክብ ነገር ነው ማለት ነው።

ጥፋቱ ያለው ስንት ቦታ ነው?

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ቅጣት የሚሠራው ጥፋቱ በሚቀጣው ሰው እጅ ውስጥ ሲሆን ነው። ጎማ የሚበላሽበትን ምክንያት አንድ በአንድ ብናይ ግን ጥፋቱ በብዙ እጅ ተከፋፍሎ ይገኛል።

ጎማን የሚገድለው ሙቀት ነው፤ ያ ሙቀት ግን በአብዛኛው ከፀሐይ አይመጣም። ንፋስ የጎደለው ጎማ በእያንዳንዱ ዙር ጎኑ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። መታጠፉ ውስጡን ያግለዋል፣ ክሩን ከላስቲኩ ያላቅቀዋል። ከልክ ያለፈ ጭነትም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ወደ ቆላ የሚወርደው ሾፌር ግን ከታላላቆቹ የሰማው ተቃራኒውን ነው፦ «አገሩ ሞቃት ነው፣ እንዳይፈነዳብህ ንፋስ ቀንስለት።» ስሌቱ ይህን ምክር አይደግፍም። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በ80 ፒ.ኤስ.አይ. የተነፋ ጎማ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ቢጨምር፣ ግፊቱ የሚጨምረው ወደ 10 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ነው። ጎማ ሠሪው ይህን አስቀድሞ አስቦበታል፤ የሚያዝዘውም ልክ ለቀዘቀዘ ጎማ ነው። በጋለበት ሰዓት የተቀነሰው ንፋስ ሌሊት ሲበርድ ጉድለት ሆኖ ያድራል። በማግስቱ ጎማው ይበልጥ ይታጠፋል፣ ይበልጥ ይግላል፣ ሾፌሩም ይበልጥ ይቀንስለታል። ንፋስ መቀነስ የሚጠቅመው አሸዋ ለመውጣት ነው፤ ያኔም ደረቅ መሬት ሲረገጥ መልሶ መንፋት ግድ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ቸልተኛ ነበር? የተማረውን በትጋት ነው የፈጸመው። ትምህርቱ ተሳስቷል፤ ቅጣት ደግሞ ትምህርት አያርምም።

እሾሁን ደግሞ እንይ። ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ ወደ ውሃ ጉድጓድ፣ ወደ ከብት ገበያ ወይም ወደ መንደር የገባ መኪና የግራር እሾህ ይጠብቀዋል። ይህ እሾህ ድሮ የአሁኑን ያህል ብዙ አልነበረም። የቦረና አርብቶ አደር የግጦሽ ሜዳውን በየጊዜው በእሳት እያነደደ ቁጥቋጦውን ይቆጣጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መንግሥት የሜዳ ቃጠሎን ከከለከለ ወዲህ፣ ከሌሎች ምክንያቶች ጋር ተደምሮ፣ የግራር ቁጥቋጦ ሣሩን እየዋጠ መምጣቱን የግጦሽ መሬት ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ከነገሌ አጠገብ ያለው የሊበን ሜዳ የዚህ ምስክር ነው። የሣር ሜዳ ካልሆነ መኖር የማትችለው የሊበን ሜዳ ትንሽ ወፍ በዓለም ላይ ለመጥፋት ከተቃረቡት አእዋፍ አንዷ የሆነችው ሜዳው በእርሻና በቁጥቋጦ እየጠበበ በመምጣቱ ነው። ላሟን ሣር ያሳጣት፣ ወፏን መኖሪያ የነፈጋት፣ የአይሱዙውንም ጎማ የበሳው ያው አንድ እሾህ ነው። በመንገዱ ዳር የቆመውን ሾፌር ብቻ ነጥሎ መክሰስ የዚህን ሁሉ ታሪክ መዝገብ በአንድ ሰው ስም መክፈት ነው።

ትርፍ ካለቀ በኋላ ያለው ዕውቀት

የተለመደው አስተያየት ትርፍ የሌለው ሾፌር ላይ ሲደርስ ታሪኩን ይጨርሳል፤ ቆመ፣ ተቀጣ፣ ተማረ። ቆላው መንገድ ላይ ግን ታሪኩ የሚጀምረው እዚህ ነው።

የፊት ጎማ ከሄደ፣ ከኋላ ጥንድ አንዱ ወጥቶ ወደ ፊት ይመጣል፤ የኋላው በአንድ ጎኑ ነጠላ ሆኖ ይቀራል። የቀረው ነጠላ ጎማ የሁለት ሸክም እንዳይወድቅበት ጭነቱ ወደ ሌላው ጎን ይገለበጣል ወይም ከፊሉ ይወርዳል፤ መኪናው በዝግታ ይሄዳል። የኋላው ብቻ ከሆነ የተነፈሰው፣ የሞተው ወጥቶ ጉዞው በአምስት ይቀጥላል። ይህን ያወቀ ሾፌር ጥንድ ጎማ ማለት አንዱ ሁልጊዜ ትርፍ መሆኑን ያውቃል።

መለጠፍ ከተቻለ ደግሞ ኮፐርቶኑ ከቸርኬው ይላቀቃል፣ ከመነዳሪው ይወጣል። ከተማ ያለው ጎሚስታ ቀዳዳውን የሚፈልገው ውሃ ውስጥ ነክሮ ነው፤ አረፋው ይነግረዋል። በፊልቱ መንገድ በበጋ ለጎማ የሚተርፍ ውሃ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ጥቂት ተነፍቶ ጉንጭ ላይ ይጠጋል፤ የምትነፍሰውን ቀጭን ንፋስ ቆዳ ከጆሮ ቀድሞ ያውቃታል። በጥርጣሬው ቦታ ምራቅ ይቀባል፣ አረፋው ይታያል። ከዚያ መፋቅ፣ ማስቲሽ መቀባት፣ መጠበቅ። የብዙ ሰው ልጥፍ የሚላቀቀው ማስቲሹ ሳይደርቅ ስለሚጣደፍ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን መጨረሻ ላይ የሚደረገው ነው፤ ኮፐርቶኑን ከውስጥ በእጅ እየዳሰሱ እሾሁን መፈለግ። እሾሁን ሳያወጣ የገጠመ ሰው ልጥፉን ለእሾህ እንደገና አቀረበለት። መንፋቱ በእጅ ፓምፕ ከሆነ ተሳፋሪው ሁሉ ተራ ይገባል። የአየር ፍሬን ያለው ትልቅ መኪና ከደረሰ ግን ከአየር ጋኑ በቱቦ ንፋስ ይለግሳል፤ የአንድ ሰዓት ላብ በደቂቃዎች ያልቃል።

መዋዋሱም የራሱ ዕውቀት አለው። የብዙ ኤን.ፒ.አር. እና የላንድክሩዘር ፒክአፕ ጎማ ቁጥሩ አንድ ነው፤ 7.50 በ16። ቸርኬያቸው ግን በብሎን ቀዳዳው ስለሚለያይ የአንዱ እግር ከሌላው ጋር እንዳለ አይገጥምም። ስለዚህ የሚዋሱት ኮፐርቶኑን ወይም ከመነዳሪውን ነው፤ ቸርኬው ከባለቤቱ ጋር ይቀራል። ይህን የማያውቅ ለጋስ ጎማውን አውርዶ፣ አስሞክሮ፣ አዝኖ ይሄዳል።

ዕውቀቱ አደጋም አለው። ባለ ቀለበት ቸርኬ በትክክል ሳይቀመጥ ሲነፋ ቀለበቱ እንደ ጥይት ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል። አሜሪካ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1980 ለእንዲህ ያለው ቸርኬ ልዩ የሥራ ደኅንነት ደንብ እስከማውጣት ደርሳለች። ልምድ ያለው ረዳት ቀለበቱን ወደ መሬት አዙሮ፣ ሰንሰለት ወይም ብረት አሻግሮበት፣ ራሱ ከጎን ሆኖ ይነፋል። የሌለው ፊት ለፊት ይቆማል። ትምህርትና ቁጥጥር ሕይወት የሚያድኑት በዚህ ነበር፤ የሚጠይቀው ግን የለም።

ቃላቱን ልብ ያለ አንባቢ የዚህን ዕውቀት ዕድሜ ይገምታል። ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ቸርኬ፣ ኮፐርቶን፣ ከመነዳሪ፣ ክሪክ፣ ዳዶ፣ ብሎን፣ ማስቲሽ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ወደ ነገሌም ጦርነቱ በሞተር ነው የመጣው። በጥር 1928 ዓ.ም. የጣሊያኑ ጄኔራል ግራዚያኒ በመኪናና በአውሮፕላን ታግዞ ከዶሎ ተነሥቶ የራስ ደስታ ዳምጠውን ጦር በገናሌ ዶሪያ ወግቶ ነገሌን ያዘ፤ በኋላም «የነገሌ ማርኪስ» የሚል ማዕረግ ተሰጠው። ማዕረጉ ከእርሱ ጋር ሄደ። መኪና የመጠገኑ ቋንቋ ግን ቀረ፤ አገሬው ተረከበው፣ ያለ መለዋወጫ ዕቃ የሚሠራበትን ብልሃት ጨመረበት።

ትርፉ የማን ነው?

አሁን ወደ ሦስተኛው፣ ዋና ወደምለው ነጥብ ደረስኩ። የተለመደው አስተያየት ትርፍ ጎማን የአንድ መኪና ንብረት አድርጎ ያየዋል። ቆላው ውስጥ ትርፍ የሚባል ነገር ሁሉ በሌላ ዓይን ሲታይ ኖሯል።

በቦረና ወግ ደባሬ የሚባል ነገር አለ። የምትታለብ ላም ያለው ሰው ላም ለሌለው ያውሰዋል፤ ወተቱ የተዋሰው ነው፣ ላሟና ጥጃዋ ግን የባለቤቱ ሆነው ይቆያሉ። ቡሳ ጎኖፋ ደግሞ ከብቱ ያለቀበትን ሰው ጎሳው ተሰባስቦ መልሶ የሚያቋቁምበት ሥርዓት ነው፤ በቅርብ ዓመታት የኦሮሚያ ክልል ስሙን ወስዶ የመረዳጃ ተቋም መሥርቶበታል። ጥልቆቹ የቱላ ጉድጓዶችም እንዲሁ ናቸው፤ ጉድጓዱ የቆፈረው ጎሳ ስም ቢኖረውም ውሃው በተራ ይጠጣል፣ ተራውንም አባ ሄሬጋ የሚባለው ኃላፊ ይመራዋል። በሦስቱም ውስጥ ያለው ሐሳብ አንድ ነው። ድርቅ ሁሉንም በአንድ ቀን አይመታም፤ ዛሬ የተረፈው ነገ ይጎድለዋል። ስለዚህ ትርፍ በአንድ በረት ተዘግቶ ከሚቀመጥ ይልቅ በሰዎች መካከል ቢዞር ብዙ ሰው ያድናል። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለው የደጋው ተረትም ከዚህ አይርቅም።

ሾፌሮቹ ይህን ከቦረና ተማሩ አልልም። ብዙዎቹ ከሻሸመኔ፣ ከሐዋሳ፣ ከአዲስ አበባ የሚወርዱ ናቸው። ያው አገር፣ ያው ርቀት፣ ያው ስጋት ግን ወደ ተመሳሳይ መልስ ወስዷቸዋል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ያየ ሾፌር ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ መስኮቱን ያወርዳል፤ «ወንድም፣ ምን ሆነህ ነው?» ጎማ ከሰጠ «ነገሌ ስትደርስ እንትና ጎሚስታ ጋ ተውልኝ» ይላል። ጎሚስታው በዚህ ጊዜ ልጥፍ የሚለጥፍ ባለሙያ ብቻ አይደለም፤ አደራ ተቀባይ ነው። ላሟን እንዳዋሰው ሰው፣ ጎማ ያዋሰውም ንብረቱን አልሰጠም፤ ጥቅሙን ለመንገድ አዋሰ። አደራ የበላ ሾፌር ወሬው ከመኪናው ቀድሞ ከተማ ይገባል፤ በሌላ ቀን ሲቆም የሚያወርዱለት መስኮት ያጣል። ፖሊስ የሌለበት ሕግ ማለት ይህ ነው፤ ቅጣቱም አለው።

መኪና ቆሞ የሚቀረውም ሾፌሩ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉና የቦረና ከብት ሲያልቅ፣ ሰውና እንስሳ ዓይኑን የጣለው በውሃ ቦቴና በድርቆሽ ጫኝ መኪና ላይ ነበር። የቦቴው ጎማ ሲተነፍስ የሚጠማው ከሾፌሩ በፊት ሌላ ሰው ነው። ከዱብሉቅና ከሃሮ ባኬ ገበያ የተጫነ በሬም መኪናው በቆመ ቁጥር ይከሳል። ጉዳቱ የብዙዎች የሆነ ነገር ጥንቃቄው የአንድ ሰው ብቻ ሊሆን አይችልም።

ያለው ለሌለው ሲከለክል ምን እንደሚመጣ ነገሌ ከየትኛውም ከተማ በላይ ታውቀዋለች። በጥር 1966 ዓ.ም. በዚያ የሠፈረው የአራተኛው ብርጌድ ወታደሮች አመፁ። ምግባቸው ተበላሽቶ ነበር፤ የውሃ ፓምፓቸውም ተሰብሮ ነበር፤ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዱ ከለከሏቸው። ነገሩን እንዲያበርዱ የተላኩትን ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ይዘው ከሚበሉት አበሏቸው። ያ አመፅ የአብዮቱ ዋዜማ ከሚባሉት ክስተቶች የመጀመሪያው ሆኖ በታሪክ ተጽፏል። ፓምፕ መሰበር በየጦር ሠፈሩ የሚያጋጥም ነገር ነው። የነገሌውን ከተራ ብልሽት ወደ አመፅ ያሻገረው ግን የሚሠራው ጉድጓድ እዚያው አጠገብ እያለ መከልከሉ ነው።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

«ይህ የድሮ ትዝታ ነው፤ አስፋልት ሲመጣ የሚቆምልህ የለም» ይባል ይሆናል። ተቃውሞው ክብደት አለው። መንገድ በተሻሻለ ቁጥር ፍጥነት ይጨምራል፤ የጸጥታ ስጋት ባለበት ጊዜና ቦታ ማታ ለማያውቁት ሰው መቆም ራስን ለአደጋ መስጠት ነው። ይህ ግን የኔን ነጥብ ያጠናክራል እንጂ አያፈርሰውም። እርዳታው ተራ ደግነት ቢሆን ኖሮ ሲጠፋ ማዘን ብቻ በበቃን፤ ሥርዓት ከሆነ ግን ሲዳከም የሚተካው ሥርዓት ማሰብ ግዴታ ነው።

ሌላው ተቃውሞ «ሁሉም በሌላው ትርፍ ከተመካ ትርፍ የሚይዝ አይኖርም» የሚል ነው። ለዚህ መልሱ ደባሬ ውስጥ አለ፤ ላም የሌለው ብቻ ነው የሚዋሰው፣ ደጋግሞ የሚዋስ ደግሞ ይታወቃል። መዋዋስ ትርፍን የሚያስቀር ሳይሆን ትርፍ ያለውን የሚያስከብር ነው።

ሦስተኛው ከወደፊቱ ይመጣል፤ ዘመናዊ መኪና ይህን ሁሉ ይፈታዋል የሚል። እስቲ እንየው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ ከፋብሪካ የሚወጡት ያለ ትርፍ ጎማ ነው። በምትኩ የመድፈኛ ፈሳሽና ትንሽ መንፊያ ተቀምጦላቸዋል። ፈሳሹ መሬት በሚረግጠው የጎማው ፊት ላይ ያለችን የሚስማር ቀዳዳ ይደፍናል፤ በድንጋይ ለተቀደደ ጎንና ለፈነዳ ጎማ ግን ምንም አይፈይድም። ፋብሪካው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ነው? አይደለም። ስልክ ተደውሎ ጫኝ መኪና ይመጣል ብሎ ነው። በሌላ አነጋገር ትርፉን ከመኪናው አውርዶ ለአንድ የአገልግሎት መረብ አስረክቦታል። የቆላው ሾፌርና የውጪው መሐንዲስ ሳይተዋወቁ አንድ ነገር ላይ ተስማምተዋል፦ ትርፍ በየመኪናው ላይ ሳይሆን በመንገዱ ላይ መኖር አለበት። ልዩነታቸው መረቡ ምን እንደሆነ ነው፤ አንዱ የስልክ ጥሪ ማእከል አለው፣ ሌላው ያለው የሾፌሮች ቃልና የጎሚስታ አደራ ነው። የመጀመሪያው መረብ ወደ ፊልቱ አልደረሰም። ሁለተኛውን ደግሞ ዝርክርክነት ብለን እያጣጣልነው ነው።

ከዚህ የሚከተለው

ትርፍ ጎማ አያስፈልግም ብዬ እንዳልደመደምኩ ግልጽ ይመስለኛል። የምለው፣ በትርፉ ላይ የቆመው ቁጥጥር ከትርፉ በኋላ ባለው ላይ ይሥራ ነው። ከነገሌ መውጫ ላይ «ትርፍ አለህ?» የሚለው ጥያቄ «ቢተነፍስብህ ምን ታደርጋለህ?» በሚል ቢተካ፣ ክሪክ፣ ፓምፕ፣ ልጥፍና ማስቲሽ የያዘ ሾፌር መላጣ ትርፍ ብቻ ካሠረው ይልቅ ዝግጁ መሆኑ ይታያል። የመንጃ ፈቃድ ትምህርቱ ንፋስ በብርዱ እንደሚለካና ባለ ቀለበት ቸርኬ ፊት እንደማይቆም ያስተምር። በዋደራ፣ በነገሌ፣ በፊልቱ ያለው ጎሚስታ ኮምፕረሰርና ብድር ቢያገኝ አደራ የመቀበል አቅሙ ይሰፋል፤ ተራ ነጋዴ ተብሎ ብቻ መታየቱም ይብቃ።

ሾፌሩም ግዴታ አለበት። ትርፉ የመንገዱ ከሆነ መንገዱም የእርሱ ነው። ቀደም ብዬ ያነሣሁት ድንጋይ እዚህ ላይ ይመለሳል። ጎማ የተዋሰ ሰው ብድሩን ላዋሰው ሰው የሚመልሰው ነገሌ ጎሚስታ ጋ ነው። ለማያውቃቸውና ማታ ከኋላው ለሚመጡት የሚመልሰው ግን ከመነሣቱ በፊት ጎንበስ ብሎ የደረደራቸውን ድንጋዮች አንድ በአንድ ከመንገዱ ሲያነሣ ነው። ለዚያ ደግሞ ትርፍ ጎማ አያስፈልገውም።